ክሩን እንከተል፦ የከባድ ማሽን ሴንሰር «ቮልቴጅ አንሷል» ሲል

(ድምፅ፦ የልብስ ስፌት መኪናዎች ሲሠሩ፤ ለጥቂት ሰከንድ ጎላ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ይቀንሳል)

ይህን ድምፅ የሐረር ሰው በሙሉ ያውቀዋል። ከፈረስ መጋላ ተነስታችሁ ወደ ጁገል ውስጥ ስትዘልቁ፣ ልብስ ሰፊዎች በግራም በቀኝም መኪናቸውን ደጅ አውጥተው የሚሠሩበት መንገድ አለ። መኪና ግርግር እንለዋለን። ስሙን ያወጣለትም ይኸው አሁን የሰማችሁት ድምፅ ነው።

እዚያ ቆማችሁ ልብስ ስታሰፉ አንድ ነገር ልብ በሉ። ክሩ ሲበጠስበት ልብስ ሰፊው መርፌውን ነቅሎ አይጥልም። እጁን ከማጠንጠኛው ላይ ያሳርፍና ክሩ የሚያልፍበትን ቀለበት ሁሉ፣ መወጠሪያውን፣ ማንሻውን እየዳሰሰ እስከ መርፌው ዓይን ይወርዳል። የተጠላለፈበትን ቦታ ሲያገኝ ይፈታዋል፤ ከዚያ ሥራው ይቀጥላል። ጠቅላላ ጊዜው ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ከባድ የግንባታ ማሽኖች ነው፤ ስለ ሎደር፣ ኤክስካቫተር፣ ግሬደርና ዶዘር። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በርቶ፣ ስካነሩ «የሴንሰሩ ቮልቴጅ ከተገቢው በታች ነው» ሲል ምን እናድርግ? ብዙዎቻችን መልሳችን አንድ ነው፤ ሴንሰሩን እንቀይር። እኔ ግን ዛሬ የምለምናችሁ ያ ልብስ ሰፊ እንደሚያደርገው እንድታደርጉ ነው። ክሩን እንከተል። መርፌው ጥፋተኛ መሆኑን የምናውቀው ክሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ካየነው በኋላ ነው።

መካኒኮች፣ ኦፕሬተሮች፣ የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች፣ ማሽን ያላችሁ ባለቤቶችም፣ ወረቀትና እስክሪብቶ አቅርቡ። የምትጽፏቸው ጥቂት ቁጥሮች አሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል? በጁገል ውስጥ ባሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ሎደር አይገባም፤ እዚያ ድንጋይና አሸዋ የሚገባው በአህያ ጀርባና በሰው ትከሻ ነው። ከግንቡ ውጭ ግን የከተማችን ሥራ የቆመው በማሽን ላይ ነው። ሐረማያ ሐይቅ ከነጠፈ በኋላ ከድሬዳዋ አካባቢ ከሐሰሊሶ ጉድጓዶች በቧንቧ ውሃ ሲመጣልን፣ ያን ሁሉ ርቀት ቦይ ማውጣት በአካፋ የሚሞከር አልነበረም። ወደ ባቢሌና ወደ ጅግጅጋ የሚወስደው መንገድ ሲጠገን፣ ለቤት መሠረት ሲቆፈር፣ ድንጋይ ከካባ ሲወጣ ማሽን አለ።

አንድ ሎደር ሲቆም ደግሞ ብቻውን አይቆምም። ድንጋይ የሚጭኑት ሲኖትራኮች ተሰልፈው ይቆማሉ፤ የቀን ሠራተኛው ቁጭ ይላል። አዲስ አበባ ከእኛ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ፣ የታዘዘው ሴንሰር እስኪመጣ ቀናት ያልፋሉ። መጥቶ ተገጥሞ ያው መብራት እንደገና ሲበራ የሚሰማው ስሜት፣ የደረሰበት ያውቀዋል። እኔም እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አይቻለሁ፤ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

አስቀድመን ግን መሠረቱን እንያዝ። አብዛኞቹ ከባድ ማሽኖች የሚሠሩት በ24 ቮልት ነው። ሁለት የ12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ይታሰሩና 24 ይሆናሉ። ሞተሪኖው፣ መብራቱ፣ ጡሩንባው የሚጠቀሙት ይህን ነው። ሞተሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ግን ለብዙዎቹ ሴንሰሮች 24 ቮልት አይሰጥም። ራሱ ውስጥ መጥኖና አረጋግቶ የሚያወጣው 5 ቮልት ብቻ ነው። ወረቀታችሁ ላይ ጻፉልኝ፤ 5 ቮልት።

አንድ የዘይት ግፊት ሴንሰር እንውሰድ። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሽቦ አለው። የመጀመሪያው ከኮምፒውተሩ 5 ቮልት ያመጣለታል። ሁለተኛው ኔጋቲቭ ነው፤ የመመለሻ መንገድ። ሦስተኛው የሲግናል ሽቦ ነው፤ ሴንሰሩ የለካውን ወደ ኮምፒውተሩ መልሶ የሚናገርበት። ግፊቱ ከፍ ሲል በሲግናሉ ላይ ያለው ቮልቴጅ ከፍ ይላል፤ ሲወርድም ይወርዳል።

እዚህ ላይ ብልሃት ያለበት ነገር አለ። በብዙዎቹ ሴንሰሮች ላይ ግፊት ጨርሶ ሳይኖር፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ፣ ሲግናሉ ዜሮ ቮልት አይሆንም፤ 0.5 ቮልት ገደማ ይሆናል። ግፊቱ ከፍተኛው ጣሪያ ሲደርስም 5 አይደርስም፤ 4.5 ገደማ ላይ ይቆማል። ከታችና ከላይ ቦታ የተተወው ለምንድን ነው?

የሌሊት ዘበኛ አስቡ። ግቢው ሰላም ቢሆንም በየሰዓቱ «አለሁ!» ይላል። «አለሁ» ማለት ሌባ አልመጣም ማለት ነው። ድምፁ ጨርሶ ሲጠፋ ግን ያው ሰላም ነው ብላችሁ አትተኙም፤ ዘበኛው ምን ሆነ ትላላችሁ። ያ 0.5 ቮልት የሴንሰሩ «አለሁ» ነው። ሲግናሉ ከዚያ በታች ወርዶ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ኮምፒውተሩ «ግፊት የለም» ብሎ አይደመድምም። «ከሴንሰሩ ጋር የምንገናኝበት መስመር ተበላሽቷል» ብሎ ይመዘግባል። የዛሬው ጉዳያችን የተወለደው ከዚህ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ኮዱ እንሂድ። ብዙ ዘመናዊ ማሽኖች ብልሽቱን የሚነግሩን በሁለት ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ኤስፒኤን ይባላል፤ ስለ የትኛው ነገር እንደሚናገር ያመለክታል። 100 የሞተር ዘይት ግፊት ነው። 102 ከተርቦው የሚመጣው የአየር ግፊት ነው። 110 የሞተር ውሃ ሙቀት ነው። ሁለተኛው ቁጥር ኤፍኤምአይ ነው፤ ምን ዓይነት ችግር እንደሆነ ይነግረናል። ጻፉ፤ 3 ማለት ቮልቴጁ ከተገቢው በላይ ነው። 4 ማለት ቮልቴጁ ከተገቢው በታች ነው። 5 ማለት ኤሌክትሪኩ አነሰ ወይም መስመሩ ተቆርጧል ማለት ነው።

አንድ ቁጥር ደግሞ በቀይ ጻፉልኝ። 1። ኤፍኤምአይ 1 ማለት ሴንሰሩ ጤነኛ ነው፣ የሚናገረውም እውነት ነው፣ የለካው ነገር ግን አደገኛ ደረጃ ላይ ወርዷል ማለት ነው። እንግዲህ 100 እና 1 አብረው ከመጡ በሞተሩ ውስጥ የዘይት ግፊት በእርግጥ ወርዷል። ሞተሩን ወዲያው አጥፉ። 100 እና 4 ከመጡ ግን ኮምፒውተሩ የሚከሰው የዘይቱን ግፊት ሳይሆን የሽቦውን ቮልቴጅ ነው። ሁለቱን ማምታታት ሞተር ያስነክሳል፤ ወይም ደህና ሞተር ያለ ጥፋቱ ያስፈታል።

ያም ሆኖ በ100 እና 4 ላይ እንኳ መጀመሪያ የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥታችሁ ዘይቱን እዩ። ጥርጣሬ ካለ የሜካኒካል ግፊት መለኪያ ጌጅ ገጥማችሁ እውነተኛውን ግፊት ለኩ። ሴንሰሩ ዝም ባለበት ሰዓት ሞተሩን የሚጠብቅ ሌላ ዓይን የለምና።

(አጭር ሙዚቃ)

ቃል የገባሁላችሁን ታሪክ አሁን ልንገራችሁ። በሐረርና በባቢሌ መካከል ካለ የድንጋይ ካባ ላይ ሎደር ተበላሽቷል ተብዬ ተጠራሁ። ስሄድ ሁለት ሴንሰር ተቀይሮ ጠበቀኝ፤ የዘይት ግፊቱና የተርቦው አየር ግፊት። ሁለቱም ከአዲስ አበባ የመጡ አዳዲሶች ናቸው። ማሽኑ ግን ባልዲውን ሞልቶ ዳገት መውጣት አቅቶታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኮምፒውተሩ ስንት አየር እንደሚገባ ካላወቀ ናፍታ ይቀንሳል፤ ሞተሩን ለመጠበቅ ሲል ጉልበቱን ይይዘዋል።

ስካነር ስሰካ አራት ኮድ አገኘሁ። የዘይት ግፊት፣ 4። የተርቦ አየር፣ 4። የናፍታ ግፊት፣ 4። አራተኛው 3509 የሚል ነው፤ ይህ ቁጥር የሚናገረው ስለ አንድ ሴንሰር አይደለም። ኮምፒውተሩ ለሴንሰሮች ስለሚያከፋፍለው የ5 ቮልት መስመር ነው። እሱም 4።

ልብ በሉ። አንድ ሴንሰር ሊበላሽ ይችላል። ሦስት ሴንሰሮች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት ሕመም ይታመማሉ ማለት ግን ይከብዳል። ሦስት ቤት በአንድ ጊዜ ውሃ ከጠፋ ቧንቧ ሠራተኛው የየቤቱን ቧንቧ አይፈታም፤ ወደ ዋናው መስመር ይሄዳል።

ኦፕሬተሩ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ለብዙ ዘመን ማሽን የነዱ ሰው ናቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ይህ ነገር መጀመሪያ ሲጀምር እንዴት ነበር?»

«ልጄ፣ መጀመሪያ እንዲህ ቋሚ አልነበረም። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ይጮሃል፤ ስወጣ ዝም ይላል። እየቆየ ነው ጭራሽ የባሰበት።»

«ከዚያ በፊት የተነካ ነገር ነበር?»

ትንሽ አሰቡና፣ «ተርቦው ወርዶ ነበር፤ ዘይት ያፈስ ስለነበር ተፈትቶ ታሽጎ ተመልሷል። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ነው» አሉኝ።

አድማጮቼ፣ የብልሽቱን ግማሽ የነገሩኝ እኚህ አባት ናቸው። መንገጫገጭ ሲኖር የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት የሽቦ ጠባይ ነው። ከጥገና በኋላ የጀመረ ብልሽት ደግሞ ጥገናው በተካሄደበት አካባቢ መፈለግ አለበት። መልቲሜትር ከማውጣታችሁ በፊት ኦፕሬተሩን አነጋግሩ። ከማሽኑ ጋር የሚውለው እሱ ነው።

ከዚያ ቁልፉን ከፍቼ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ፣ የዘይት ግፊቱን ሴንሰር ሶኬት ነቀልኩ። በ5 ቮልቱ ፒንና በኔጋቲቩ ፒን መካከል ለካሁ። ከ4.8 እስከ 5.2 ባለው ውስጥ መሆን ነበረበት። ያገኘሁት 1 ቮልት እንኳ አይሞላም። ሴንሰሩ እኮ ምግብ አላገኘም! ያልበላ ዘበኛ እንዴት «አለሁ» ይበል?

ቀጥዬ የተርቦውን ሴንሰር ነቀልኩ፤ ቁጥሩ ያው ነው። የናፍታውን ነቀልኩ፤ ያው ነው። ይህን የማደርገው በምክንያት ነው። በአንድ የ5 ቮልት መስመር ላይ ከታሰሩት ሴንሰሮች አንዱ ውስጡ ሾርት ቢያደርግ የሁሉንም ቮልቴጅ ይዞ ይወርዳል። እሱ ሲነቀል 5 ቮልቱ ይመለሳል፤ ጥፋተኛውም ይታወቃል። በዚህ ማሽን ግን ሁሉም ተነቅለው ቮልቴጁ አልተመለሰም። እንግዲህ የቀረው ራሱ ሽቦው ነው።

የሽቦውን ጥቅል በእጄ እየዳሰስኩ ወደ ኋላ ተጓዝኩ። በተርቦው በስተጀርባ ጥቅሉን ከብረት ድጋፍ ጋር የሚይዙ ሁለት ክላምፖች መኖር ነበረባቸው። አንዱ አለ፤ የሁለተኛው ቡሎን ቀዳዳ ባዶውን ነው። ጥቅሉ ረግቦ በዛገው ብረት ጠርዝ ላይ ተኝቷል፤ ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ይፈተጋል። ገልበጥ አድርጌ ሳየው የፕላስቲኩ ሽፋን ተልጦ፣ የሰሊጥ ፍሬ የምታክል መዳብ ታበራለች። ጥቅሉን በጣቴ ከብረቱ ከፍ ሳደርገው መልቲሜትሩ ላይ ያለው ቁጥር ዘሎ 5.02 ሆነ።

ጋሼ አጎንብሰው አዩዋትና፣ «ለዚህች ነው ይህን ሁሉ ቀን የቆምነው?» አሉኝ። አዎ፣ ለዚህችው ነበር። አንድ ክላምፕ ወደ ቦታው ባለመመለሱ።

(አጭር ሙዚቃ)

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። አሁን ይህን የፍለጋ መንገድ በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ።

አንደኛ፣ ከባትሪው ጀምሩ። የቆመ፣ በደንብ የተሞላ የ24 ቮልት ሥርዓት ከ25 ቮልት በላይ ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራና ዲናሞው ሲሞላ ከ27 እስከ 28 ተኩል ገደማ ይሆናል። ሞተሪኖው ሲያዞር ከ18 በታች ከወደቀ ባትሪውን ወይም የባትሪውን ጫፎች ጠርጥሩ። የደከመ ባትሪ በማስነሳት ሰዓት ኮምፒውተሩን ያደነብረዋል፤ የሌሉ ብልሽቶችን ኮድ ያዘንባል። ስለዚህ ያያችሁትን ኮድ ሁሉ ጻፉ፣ አጥፉት፣ ማሽኑን አስነሱና የትኛው ተመልሶ እንደመጣ ተመልከቱ። ሥራችን ተመልሶ ከመጣው ጋር ነው።

ሁለተኛ፣ በዓይንና በእጅ ፈትሹ። የተፈተገ ሽቦ፣ የተቃጠለ ሽፋን፣ አይጥ የቀረጠፈው ቦታ፣ አረንጓዴ ዝገት የያዘ ፒን፣ ውሃ ወይም ዘይት የገባበት ሶኬት ፈልጉ። በክረምት ማግሥት፣ እንዲሁም ማሽኑ በግፊት ውሃ ከታጠበ በኋላ የሚመጡ ኮዶች ብዙ ጊዜ ሶኬት ውስጥ የገባ እርጥበት ውጤት ናቸው።

ሦስተኛ፣ በሶኬቱ ላይ 5 ቮልቱንና ኔጋቲቩን ለኩ። ኔጋቲቩን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሴንሰሩ ተሰክቶ፣ ቁልፍ ተከፍቶ፣ በሴንሰሩ የኔጋቲቭ ፒንና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ስትለኩ ከ0.1 ቮልት የማይበልጥ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ የበለጠ ከሆነ የመመለሻው መንገድ ዝጓል ወይም ላልቷል።

አራተኛ፣ የሲግናሉን መስመር ፈትኑ። ቀላሉን ምሳሌ፣ ባለ ሁለት ሽቦውን የውሃ ሙቀት ሴንሰር እንውሰድ። ይህ ሴንሰር ሲሞቅ ኤሌክትሪክን የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሲግናሉ ላይ ያለው ቮልቴጅ ይወርዳል። ሽቦው ከብረት ጋር ተነካክቶ ቮልቴጁ ወደ ዜሮ ሲወድቅ ኮምፒውተሩ የሚያየው የፈላ ሞተር ነው። 110 እና 4 መጥቶባችሁ ራዲያተሩ ግን በእጅ የሚነካ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

አሁን የስካነሩን ቀጥታ ንባብ እያያችሁ ሶኬቱን ንቀሉ። ንባቡ ወደ ታች፣ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ወደሚያህል ቅዝቃዜ ከወረደና ኮዱ ከ4 ወደ 3 ከተለወጠ፣ ሽቦውና ኮምፒውተሩ ደህና ናቸው፤ ሾርቱ ያለው ሴንሰሩ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ሴንሰር ግዙ፤ ገንዘባችሁ በቦታው ይውላል። ተነቅሎም ኮዱ 4 ላይ ከቀረ ግን ሲግናል ሽቦው መንገድ ላይ ብረት ነክቷል። አዲስ ሴንሰር ምንም አይፈይድም። ባለ ሦስት ሽቦዎቹ ሲነቀሉ የሚያሳዩት ጠባይ ከማሽን ማሽን ስለሚለይ የማሽኑን ማንዋል ተመልከቱ።

አምስተኛ፣ ሽቦውን ለብቻው ለኩ። የባትሪውን ማብሪያ ማጥፊያ አጥፉ፤ ሶኬቱን ከሴንሰሩም ከኮምፒውተሩም ንቀሉ። መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ በሲግናል ሽቦውና በማሽኑ ብረት መካከል ለኩ። ምንም ግንኙነት መኖር የለበትም። መልቲሜትሩ ጥቂት ኦም ካሳየ ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጧል። ኤሌክትሪክ ባለበት መስመር ላይ ግን ኦም አትለኩ፤ ንባቡ ያሳስታችኋል፣ መልቲሜትሩም ሊጎዳ ይችላል።

ስድስተኛ፣ ወዝውዙት። ለሚመጣና ለሚሄድ ብልሽት ከዚህ የተሻለ የለም። አንዱ ጋቢና ውስጥ ሆኖ ስካነሩን ያያል፤ ሌላው ጥቅሉን ከሶኬት ወደ ሶኬት እየወዘወዘ ይሄዳል። «አሁን!» የሚል ድምፅ ከጋቢና ሲሰማ፣ እጃችሁ ያለበት ቦታ ላይ ቁሙ።

(አጭር ሙዚቃ)

በዚህ ፍለጋ ላይ ማድረግ የሌለብን ነገሮችም አሉ። ሽቦ በመርፌ አትብሱ። በዚያች ቀዳዳ ውሃ ይገባል፤ መዳቡ ከውስጥ ይዝግና ከወራት በኋላ ሌላ ብልሽት ይወልዳል። በአምፖል መሞከሪያ የኮምፒውተር መስመር አትንኩ። አምፖሉ የሚስበው ኤሌክትሪክ የ5 ቮልቱ መስመር ከሚችለው በላይ ሊሆን ይችላል፤ ሴንሰር ፍለጋ የሄደ ሰው ኮምፒውተር አቃጥሎ ይመለሳል። ዲጂታል መልቲሜትር ተጠቀሙ።

ባልዲ ወይም ቡም ሲበየድም ተጠንቀቁ። ሞተሩን አጥፉ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ፣ የኮምፒውተሩን ሶኬቶች አላቁ፤ የብየዳውን የመመለሻ መቆንጠጫ ደግሞ በተቻለ መጠን ለሚበየደው ቦታ ቅርብ አድርጋችሁ ያዙ። ካልሆነ የብየዳው ኃይል መንገድ ፍለጋ በሴንሰርና በኮምፒውተር ውስጥ ያልፋል።

የተላጠውን ሽቦ ስትጠግኑም ናስትሮ ብቻ ጠቅልላችሁ አትሂዱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሙቀቱና ዘይቱ ሙጫውን ያላሉታል። ሽቦውን በሚገባ አገናኙት፣ በሙቀት በሚሸበሸብ ሽፋን አሽጉት፣ ከዚያ ጥቅሉን ከብረቱ አርቃችሁ በክላምፕ እሰሩት። መጨረሻ ላይ ጣታችሁን በጥቅሉና በብረቱ መካከል አሳልፉ። ጣት ካለፈ ሽቦው አይፈተግም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ደግሞ የሐረር ልጅ ሁሉ ሊሞክረው የሚችል፣ ምንም ወጪ የሌለው ፍተሻ ላሳያችሁ። በብዙ ማሽኖች ላይ የከባቢ አየርን ግፊት የሚለካ ሴንሰር አለ። አየር ከባሕር ወለል ከፍ ባልን ቁጥር ይሳሳል፤ ግፊቱም ይቀንሳል። ከውጭ የገባ ማሽን ጅቡቲ ወደብ ላይ ሲወርድ ይህ ሴንሰር 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ያነባል። በሎቤድ ተጭኖ ድሬዳዋ ሲደርስ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ንባቡ ወደ 88 ይወርዳል። በደንገጎ ጠመዝማዛ ወጥቶ ሐረር ሲገባ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ ንባቡ 80 ወይም 81 ነው። ሴንሰሩ ተራራውን አብሮን ወጥቷል ማለት ነው።

እንግዲህ ሐረር ላይ ቁልፍ ከፍታችሁ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ይህ ንባብ 101 ወይም 60 ቢላችሁ፣ ኮድ ባይኖር እንኳ ሴንሰሩን ወይም መስመሩን መጠርጠር ትችላላችሁ። የተርቦው አየር ሴንሰርም ሙሉውን ግፊት የሚለካ ዓይነት ከሆነ፣ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ከዚሁ ቁጥር ጋር መቀራረብ አለበት፤ ሁለቱም የሚተነፍሱት አንድ አየር ነውና። ለባሕር ወለል የተጻፈ መጽሐፍ «101 መሆን አለበት» ቢላችሁ አትደናገጡ፤ የእኛ ተራራ ቁጥር 80 ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ የቤት ሥራ ልስጣችሁና ልሰናበት። ነገ ጠዋት ወደ ሥራ ስትገቡ፣ ምንም ያልታመመ ማሽን ምረጡ። ቁልፉን ብቻ ክፈቱ። የባትሪውን ቮልቴጅ፣ የ5 ቮልቱን መስመር፣ የዘይት ግፊት ሲግናሉን፣ የውሃ ሙቀቱን፣ የከባቢ አየሩን ግፊት አንብባችሁ በደብተር ጻፉ። ሞተሩን አስነስታችሁ ደግሞ ጻፉ። ቀኑን፣ የማሽኑን የሥራ ሰዓትም አስፍሩ። ደብተሩ ጋቢና ውስጥ ይቀመጥ።

ማሽን ሲታመም የጤናው ጊዜ ቁጥር ከሌለን የምናነጻጽረው ነገር አይኖረንም። ያኔ ነው መገመት የምንጀምረው፤ ከመገመትም ሴንሰር መግዛት ይከተላል። ባለፈው ወር ሲግናሉ 0.5 እንደነበረ በራሱ እጅ የጻፈ መካኒክ፣ ዛሬ 0.1 ሲያይ የት መጀመር እንዳለበት ያውቃል።

ተርቦ አውርዳችሁ ስትመልሱም፣ ሞተር ፈትታችሁ ስትገጥሙም፣ መፍቻችሁን ከመሰብሰባችሁ በፊት ባዶ የቀረ የክላምፕ ቀዳዳ አለመኖሩን ተመልከቱ። ከባቢሌው መንገድ ከተመለስኩ ወዲህ የክላምፖች ከረጢት ከመሣሪያ ሳጥኔ ተለይቶ አያውቅም።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን የማሽኑ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸውን ሁለት ሽቦዎች እንከተላለን። እስከዚያው ሥራችሁ የተቃና፣ እጃችሁም ከአደጋ የተጠበቀ ይሁን።

(ድምፅ፦ የልብስ ስፌት መኪናዎቹ ግርግር ይመለሳል፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)